ምግብ አብሳይዋ የቀረችበት እሑድ

ያደግኩት ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ሲል ቁም ሳጥን ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች በሚንቀጫቀጩበት ሰፈር ነው። አባቴ እዚያው ማረፊያው ውስጥ መካኒክ ነበር። ገና ከሩቅ በድምፁ ብቻ የትኛው አውሮፕላን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ይናገራል፤ ልክ ይሁን አይሁን ግን አጣርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እቤታችን ከእናቴ ቀጥሎ የሚፈራው ነገር ራዲዮኑ ነው። ዳንቴል ለብሶ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ከአባቴ በቀር ማንም አይነካውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከታታይ ድራማ ነበር። መቼ እንደተጀመረ አላውቅም፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ሰዎቹ ገና መንገድ ላይ ነበሩ። በመንኮራኩር ወደ አንድ ሩቅ ኮከብ ይጓዛሉ። ጊዜው የደርግ ነውና የሚሄዱበት ኮከብ ላይ ባላባት የለም፣ ጭሰኛ የለም፣ ሁሉም እኩል ሠርቶ እኩል ይበላል። መድረስ ግን የለም። ዛሬ ሞተሩ ይበላሻል፣ በሳምንቱ ሐኪሙ ያብዳል፣ ከዚያ ደግሞ ስሙ የማይታወቅ አቧራማ ዓለም ላይ ለውሃ ይቆማሉ። ሰፈራችን ስለ ሰማይ የሚያውቀው የአውሮፕላን ሆድ ብቻ ቢሆንም ስለ መንኮራኩሩ ነዳጅ ይጨቃጨቅ ነበር።

ችግሩ አውሮፕላኑ ነው። አዛዡ «ጓዶች፣ እውነቱን ልንገራችሁ» ባለ ቁጥር አንዱ ይመጣና ሰፈሩን በሙሉ ያደነቁረዋል። ያን ጊዜ አባቴ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጆሮውን ራዲዮኑ ላይ ይለጥፋል። አውሮፕላኑ ሲያልፍ በአጥር በኩል «ምን አለ? ምን አለ?» የሚል ጩኸት ይመጣል። አባቴ ጉሮሮውን ይጠርግና ለጎረቤት ሁሉ ያስተላልፋል። ቤቱ ውስጥ እናቴ አታስወራውም፣ መሥሪያ ቤት አለቃው አያስወራውም። በሳምንት አንዴ ግን ሰፈር ሙሉ ሰው የእሱን አፍ ይጠብቃል።

ማጀት ውስጥ የምትሠራልን ልጅ የምታዳምጠው በሩ ላይ ቆማ፣ እጇ እንደራሰ ነው። የአባቴ የአክስት ልጅ ልጅ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት «አዲስ አበባ ትማራለች» ተብሎ ከሰሜን ሸዋ መጣች፤ የገባችበት ትምህርት ቤት ግን ማጀታችን ሆነ። ለሰው «የባለቤቴ ዘመድ ናት» ትላለች እናቴ፤ ዘመድ ደግሞ ደመወዝ አይጠይቅም። እኛ ቤት ስሟን የሚጠራ አልነበረም። ለእናቴ «አንቺ» ነበረች፣ ለአባቴም «አንቺ»፣ በሰባት ዓመት ለምትበልጠኝ ለእኔም «አንቺ»። እሷ ግን «ሚጣዬ» ትለኝ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ እናቴ ልትከለክላት አልቻለችም፤ ቀበሌው በየቤቱ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እየመዘገበ ነበር። እየተነጫነጨች ላከቻት። ልጅቷ በሥራ ደክማ የምትማር አትመስልም ነበር፤ በአንድ ዓመት የዘይት ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጽሑፍ፣ የግድግዳውን መፈክር፣ ያገኘችውን ሁሉ ታነብ ጀመር። አስተማሪዋ የዘመቻውን መጨረሻ ፈተና ካለፈች የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት በሞግዚትነት እንደሚወስዳት፣ ማደሪያ ክፍልም እንዳለው ነገራት። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ይህን እሷ ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔ ለእናቴ ነገርኩ። እናቴ ዝም አለች። እናቴ ዝም ስትል መሸሽ ነው የሚያዋጣው፤ ልጅቷ ግን የምትሸሽበት አልነበራትም።

አሁን ስለራሴ ልናገር፤ ማድበስበስ አልወድም። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ፍራሼን አረጥብ ነበር። እሷ ጎህ ሲቀድ ትመጣና ሳትናገር አንሶላውን ትገፍፋለች፣ ፍራሹን ትገለብጣለች። አንሶላውን አጥባ የምታሰጣው ደግሞ በአባቴ ሁለት ቱታዎች መሃል ነው፤ ከመንገድ እንዳይታይ። አንድ ቀን እንኳ ፊቷን አጥቁራብኝ አታውቅም። አላመሰገንኳትም። ሰው ነውሩን የሚያጥብለትን አይወድም፤ እኔ ቢያንስ አልወደድኳትም።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ገመድ ልዘል ወደ ጓደኞቼ ስሄድ ገመዱን የያዙት ሁለቱ ልጆች ተያዩና «ፍራሽ፣ ፍራሽ፣ ማነው ያራሰሽ?» እያሉ ያዞሩት ጀመር። ሌሎቹ ተቀበሏቸው። ገመዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ገመዱ ቁርጭምጭሚቴን ገረፈኝ። አንሶላዬን ከምታጥበው ከእሷ በቀር ማን ያውቃል? ማን ሊናገር ይችላል? ስመለስ ማጀት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች አገኘኋትና ፊቷ ላይ ተፋሁ። «ምን ሆንሽ ሚጣዬ?» አለች፣ በክንዷ እየጠረገች። ያ «ሚጣዬ» የበለጠ አቃጠለኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ድራማው ያለቀው ክፉ ቦታ ላይ ነበር። የመንኮራኩሩ ምግብ አብሳይ ውሃ ልትቀዳ አቧራማው ዓለም ላይ ወርዳ ሳለ ማዕበል ይነሳል፤ አዛዡ ሌሎቹን ለማዳን ብሎ መንኮራኩሩን ያነሳል። ይመለሱላት ወይስ ይተዋት? ነዳጁ አይበቃም። በሚቀጥለው እሑድ ተሳፋሪዎቹ እጅ በማውጣት ሊወስኑ ነው። ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ከረመ። የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ ስብሰባ ላይ «ለአንድ ግለሰብ ሲባል የብዙኃኑ ነዳጅ አይባክንም» ብሏል ተባለ። እናቴም ፈርዳ ነበር። «ይተዋት! ወጥ ሠሪ ምን ይጠፋል!» አለች፣ ልጅቷ እዚያው ማጀቱ በር ላይ ቆማ እየሰማች።

ቅዳሜ ማታ ስኳር መጣ፣ እሑድ ይሸጣል ተባለ። ሁለት ወር ሙሉ አልመጣም ነበር። ያን ጊዜ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ የሚያዘው በድንጋይ ነው፤ ጠዋት ድንጋይሽን አስቀምጠሽ ትሄጃለሽ፣ ድንጋይሽ ቆሞ ይጠብቅሻል። እያንዳንዱ ቤት የታወቀ ድንጋይ አለው። የእኛ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ነበር፤ እናቴ በጥፍር ቀለም ቀይ መስመር አስምራበታለች። የድንጋይ ሕግ ግን አንድ ነው። የሱቁ በር ሲከፈት ከድንጋይሽ አጠገብ መገኘት አለብሽ፤ ድንጋይ የሌለው ሰው ተራ የለውም፣ ክርክርም የለም።

«ዛሬ ስኳር ሳትይዢ ብትመጪ» አለቻት እናቴ የራሽን ካርዱን እየሰጠቻት፣ «ላምበረት ወስጄ ጭነት መኪና ላይ እሰቅልሻለሁ። ወደመጣሽበት!» ብዙ ጊዜ የምትለው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነበር ያለችው።

እኔም ካርቶን እንድይዝላት አብሬ ሄድኩ። ድንጋያችን ከፊት አሥራ አንደኛ ነበር፤ ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስታ ነው ያስቀመጠችው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሱቁ ገና አልተከፈተም። ከሱቁ ማዶ ያለችው ሴትዮ እንደ ልማዷ ራዲዮኗን መስኮት ላይ አወጣች። ሴቶቹ ሁሉ ድንጋያቸውን ትተው መስኮቱን ከበቡ። መንገዱ ላይ የቀረው ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ሰው የሌለበት ረጅም የድንጋይ ሰልፍ።

እሷ አልሄደችም። የመክፈቻው ሙዚቃ ሲሰማ ግን ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ እኔ አየች። «ሚጣዬ፣ ድንጋዩን ትጠብቂልኛለሽ? ባለሱቁ ሊከፍት ሲል ጥሪኝ። እጅ ሲያወጡላት ብቻ ልስማና እመለሳለሁ።»

«ሂጂ» አልኳት።

ጀርባዋ ሰዎቹ መሃል እስኪገባ ጠበቅኩ። ከዚያ ድንጋዩን አነሳሁት። ከባድ ነበር፤ በሁለት እጄ ሆዴ ላይ አስደግፌ ተሸክሜ ሄጄ ቦዩ ውስጥ፣ ቱቦው አፍ ላይ ጣልኩት። ውሃው ተፈናጥሮ እግሬን ነካኝ። ተመልሼ ክፍተቱ እንዳይታይ የኋለኛውን ድንጋይ በእግሬ ገፋ አደረግኩት፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም። ደስ አለኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ለቀቀኝ። ውጤቱ አልታየኝም ብል ውሸት ነው፤ ላምበረት ስትባል ሰምቻለሁ።

ራዲዮኑ ውስጥ አዛዡ «ይመለሱላት የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ» ሲል አውሮፕላኑ መጣ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ይዘው ረገሙት። እሷ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከመስኮቱ በታች ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍናለች። በዚያ ጩኸት መሃል ባለሱቁ ከውስጥ በሩን ከፈተ። እኔ አልጠራኋትም። አንዲት አሮጊት «ተከፈተ!» ብለው ጮኹና ሁሉም ወደየድንጋዩ ሮጠ።

እሷ እየሮጠች መጥታ አሥራ አንደኛው ላይ ቆመች። የሰው ድንጋይ ነው። «ድንጋዬስ?» አለች። ከኋላ የነበረችው ሴት ጠዋት ሙሉ ያን ቀይ መስመር እያየች ነው የዋለችው። «እኔ ምን አውቄ» አለችና ወደፊት ተጠጋች። «እዚህ ነበር እኮ! ቀይ ያለበት!» ስትል አንዷ «ድንጋይሽ እግር አውጥቶ ሄደ?» አለቻት፣ ሰዉም ሳቀ። ስኳር በመጣ ቀን ሰው አንድ ተራ ወደፊት ካለፈ አያዝንም። ባለሱቁ «ጓዲት፣ ድንጋይ ከሌለሽ ወደ ኋላ!» አላት።

«ሚጣዬ፣ ማን አነሳው?»

«አላየሁም» አልኩ።

ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። አራት ሰው ሲቀራት ስኳሩ አለቀ።

ቤት ስንገባ እናቴ ባዶውን ካርቶን አየችና «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» ብላ ሳቀች። ሳቋን አልረሳውም። ዛሬ ሳስበው ስኳሩ ሰበብ ነበር። ለስድስት ዓመት በነፃ ያሠራቻት ልጅ እዚያው ሰፈር ደመወዝተኛ ሆና፣ ጫማ ተጫምታ በበራችን ስታልፍ ልታይ አልፈለገችም። ልጅቷ እግሯ ላይ ወደቀች። «ሁለት ሳምንት ብቻ እትዬ! ፈተናውን ልፈተንና ያሉኝን አደርጋለሁ» አለች። አባቴ ጋዜጣውን ገለጠ። ከእኛ ቤት ከወጣች ቀበሌ አያውቃትም፤ የተመዘገበችው በእኛ ቤት ሥር ነው። ስለዚህ የምትለምነው እናቴን ብቻ ነበር፣ እናቴም ይህን ታውቃለች።

ማታ ራት ስንበላ አባቴ ደስ ብሎት «ሰማችሁ? በአንድ እጅ ብልጫ! ሊመለሱላት ነው» አለ። በአውሮፕላኑ ጩኸት መሃል ውጤቱን የሰማው እሱ ብቻ ነበር። እሷ ማጀት ውስጥ ነበረችና አልሰማችም።

ሰኞ እናቴ የይለፍ ወረቀት አወጣችላት። ማክሰኞ ጠዋት እኔም ከትምህርት ቤት ቀርቼ ጓዟን ላግዝ ላምበረት አብረን ሄድን። ጓዟ አንድ በአሮጌ ነጠላ የተቋጠረ እቃ ነው፤ ውስጡ የደብተሯ ጠርዝ ይታያል። እናቴ ከጭነት መኪናው ረዳት ጋር ስትነጋገር ሁለታችን መንገዱ ዳር ቆምን።

«ሚጣዬ» አለችኝ።

«ምን?»

«ድንጋዩ ቦዩ ውስጥ ነው። ቱቦው አፍ ላይ። ከሱቁ ስንመለስ ቀይዋን መስመር አየኋት። እንዳይጠፋባችሁ አውጡት።» ትንሽ ቆይታ «ለእትዬ አልነገርኳቸውም» አለች።

ይቅር የተባለ ሰው ምን እንደሚሰማው ሲነገር እሰማለሁ፤ ዕንባ ነው፣ እፎይታ ነው ይላሉ። እኔ የተሰማኝ ንዴት ነው። እንደ አንሶላው ሁሉ ይህንንም አጥባ በቱታዎቹ መሃል ልታሰጣልኝ! ብትሰድበኝ፣ ብትቆነጥጠኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «እጅ ሲያወጡ አውሮፕላን መጣብኝ። ጋሼ መቼም ሰምተዋል። ተመለሱላት?»

ረዳቱ ጓዟን ተቀብሎ ወደ ላይ ወረወረው። እናቴ «ነይ፣ ውጪ!» ብላ ጠራቻት። እሷ ግን ፊቴን እያየች ቆመች።

«አልተመለሱም» አልኳት። «ጥለዋት ሄዱ። አንድም ሰው እጁን አላወጣላትም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

አንገቷን ነቀነቀች። «ውሃ ልትቀዳ ነው እኮ የወረደችው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ። እናቴ ሦስት ጊዜ ሳመቻት፤ ወግ አይቀርም። ከዚያ ጆንያዎቹ መሃል ወጥታ ተቀመጠች፣ መኪናውም ሄደ። ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም።

በሳምንቱ እሑድ ጎረቤታችን የሆነች ሴት ድራማውን ልትሰማ እኛ ቤት መጣች። ሙዚቃው እስኪያልቅ እየተጠበቀ እናቴ ስለ ሥራ ብዛት ታማርራለች። «አሁንማ አንሶላዋንም ራሷ ናት የምታጥበው» አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። ሴትየዋ ሳቀችና «ዛሬም አልተዋትም? ያን ጊዜ የነገርሽኝን ለልጆቼ ባጫውታቸው በሳቅ ሞቱ» አለች። የእሷ ልጆች ገመድ ያዞሩት የነበሩት ሁለቱ ናቸው። እናቴም አብራ ሳቀች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ቀን እዚያው ተቀምጬ ሰማሁት። ለሦስት ቀን የተሸከምኩት ቂም መነሻው የእናቴ ጨዋታ ነበር። ፊቴ ነደደ። ማጀቱን አየሁ፤ በሩ ላይ ማንም የለም።

ድራማው ተጀመረ። መንኮራኩሩ አቧራው ላይ አረፈ። ምግብ አብሳይዋን ባልዲዋን ታቅፋ በሕይወት አገኟት። ባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ አልጠጣችውም ነበር፤ ለእነሱ አስቀምጣዋለች። እናቴ አለቀሰች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች «እሰይ! እሰይ! እንዴት ሰው ይጣላል? ሰው እኮ ነው!» አለች። ከልቧ ነበር። አባቴም ተነፈሰ። እኔ በእናቴ ላይ ልጮህ ፈለግኩ፤ እኔም ግን ከእሷ አልሻልም ነበር።

ያኔ በአጥሩ በኩል «ዘይት መጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እናቴ ወደ ማጀቱ በር ዞረችና ማንም እንደሌለ ሲታወሳት ወደ እኔ ዞረች። ዕንባዋ ገና አልደረቀም።

«አንቺ» አለችኝ። «ድንጋዩን ይዘሽ ሩጪ!»

ድንጋዩ ከቤት እንደሌለ አታውቅም። ሮጥኩ። ድንጋዩ ቱቦው አፍ ላይ፣ እሷ ያለችበት ቦታ ነበር፤ ቀዩ መስመር አልለቀቀም። አውጥቼ እየተንጠባጠበ ተሸክሜው ሄጄ ከሰልፉ መጨረሻ አስቀመጥኩት። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ናቸው። ከራዲዮኑ የምግብ አብሳይዋ ድምፅ መጣ፤ መንኮራኩሩ ውስጥ ገብታ፣ ትንሽ ውሃ ቀምሳ ትጠይቃለች።

«እጁን ያወጣልኝ ማን ማን ነበር?»

አውሮፕላኑም መጣ። ሲያልፍ ሴቶቹ እየተራገሙ ዞሩ። አንዷ አየችኝ። «አንቺ የመካኒኩ ልጅ አይደለሽም? ሩጪና አባትሽን ጠይቂልን፣ ማን ማን አሉ? ድንጋይሽን እኛ እንጠብቅልሻለን!»

«አልሄድም» አልኩ፣ ድንጋዩም ላይ ቁጭ አልኩበት። ከቦይ የወጣ ስለነበር ቀሚሴን ከኋላ አራሰው። እዚያው መንገድ ላይ የነበሩት የጎረቤታችን ልጆች አይተው ገመዱን እያዞሩ «ፍራሽ፣ ፍራሽ» ማለት ጀመሩ። ዘይቱን ይዤ ገባሁ፣ ቀሚሴን ራሴ አጠብኩት፣ በአባቴ ቱታዎች መሃል አሰጣሁት።